«አትንካ!» መቆለፊያ አይሆንም

በሶፍትዌር ሥራ ውስጥ ብዙ ገንዘብ ካስወጡ ዓረፍተ ነገሮች አንዷ «ተጠቃሚው እንደሱማ አያደርግም» የምትለው ናት። ያደርጋል። ስልክ ቁጥር ጻፍ በተባለበት ቦታ የእናቱን ስም ይጽፋል፤ አንዴ ንካ የተባለውን ቁልፍ ሰባት ጊዜ ይነካል፤ «እርግጠኛ ነዎት?» ተብሎ ሲጠየቅ ሳያነብ «አዎ» ይላል። በዚህ ሙያ የቆየ ሰው ተጠቃሚውን መቆጣት እንደማይጠቅም ቶሎ ይገባዋል፤ የሚስተካከለው ፕሮግራሙ ነው። አሁን ደግሞ እቤታችን 19 ወር የሞላው፣ እንቅልፍ የማይወድ፣ ደመወዝ የማይጠይቅ ሞካሪ አለን። ከቤቱ ሁሉ አብልጦ የሚወደው ወጥ ቤቱን ነው።

ቢወድ አይፈረድበትም። የሚበራው፣ የሚጮኸው፣ የሚሽከረከረው፣ የሚሸተው ሁሉ እዚያ ነው። እናትና አባቱም ከሥራ መልስ የሚቆሙት እዚያው ነው። እኛ እንዲህ ያለውን ልጅ ሲያስመርረን «ረባሽ»፣ ደስ ሲለን ደግሞ «እሳት የላሰ» እንለዋለን። (ሁለተኛው ምስጋና ስቶቭ አጠገብ ሲባል አያስቅም።)

በብዙዎቻችን ቤት ያለው የደኅንነት ሥርዓት ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አትንካ!» ድምፃችን እንደ አደጋው መጠን ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ ሌላ መሣሪያ የለንም። የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ቃሉን ይሰማል፣ ትርጉሙም ይገባዋል። እጁን የሚያቆምበት አቅም ግን ገና አልበሰለም። ለዚህ ነው ዓይን ዓይናችንን እያየ፣ ፈገግ እያለ፣ ያንኑ የተከለከለውን ነገር የሚነካው። ንቀት አይደለም፤ ዕድሜው ነው። ስለዚህ ልጅን መምከሩ እንዳለ ሆኖ፣ ምክሩ ባይሰማም ምንም የማይፈጠርበት ወጥ ቤት ማዘጋጀት የወላጅ ሥራ ነው ባይ ነኝ። በተለይ የእኛ የሐበሾች ወጥ ቤት፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ፍሪጅ ላንሳ። (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በ1950ዎቹ የአሜሪካ ፍሪጆች በራቸው ላይ የብረት መቀርቀሪያ ነበራቸው። ከውጭ በእጀታው ይከፈታሉ፤ ከውስጥ አይከፈቱም። ድብብቆሽ ሲጫወቱ የተጣለ ፍሪጅ ውስጥ የገቡ ልጆች በሩ ሲዘጋባቸው ታፍነው ይሞቱ ነበር። ወላጆች ልጆቻቸውን ያልመከሩ አይምሰላችሁ፤ ይመክሩ ነበር። ነገሩን የቀየረው ግን በ1956 የወጣው ሕግ ነው። ሕጉ ከ1958 መጨረሻ ጀምሮ የሚመረት የቤት ፍሪጅ ሁሉ ከውስጥም መከፈት አለበት አለ። አምራቾች መቀርቀሪያውን ጥለው ዛሬ እጃችን ላይ ያለውን፣ ጠርዙ ላይ ማግኔት ያለበትን በር ይዘው መጡ። ልጆቹ እንደ ድሮው ድብብቆሽ ይጫወታሉ፤ የተለወጠው በሩ ነው።

ማይክሮዌቭም እንደዚሁ ነው። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የቃጠሎ ሕክምና ማዕከል የሚሠሩ ባለሙያዎች፣ በሩን ራሳቸው ከፍተው የፈላ ነገር ላያቸው ላይ የደፉ ትንንሽ ልጆች እየደጋገሙ ሲመጡባቸው ጉዳዩን ይዘው ለዓመታት ተከራከሩ። በመጨረሻ የአሜሪካ የደኅንነት መስፈርት ተሻሻለና ከ2023 ጀምሮ አዲስ የሚመረቱ ማይክሮዌቮች ለመክፈት ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎች እንዲጠይቁ ተደረገ። የእናንተ ማይክሮዌቭ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ግን አንድ ቁልፍ ሲነካ «ጧ» ብሎ የሚከፈት ይሆናል። ተለጣፊ መቆለፊያ ግዙለት፤ ወይም ቁም ሳጥን ላይ ስቀሉት።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ ልብ በሉ። ፈረንጆቹ በሕጋቸው ውስጥ «ልጅ የማይከፍተው» አይሉም፤ «ልጅን የሚያስቸግር» ነው የሚሉት። የመድኃኒት ክዳን ሲፈተን ከሦስት ዓመት ተኩል እስከ አራት ዓመት ከሩብ ለሆኑ ልጆች ይሰጣቸዋል። አምስት ደቂቃ ይታገሉታል፤ ከዚያ አከፋፈቱ በዓይናቸው ይታያቸዋል፤ ሌላ አምስት ደቂቃ ይጨመርላቸዋል። ከመቶው 80ዎቹ ካልቻሉ ክዳኑ አለፈ ይባላል። ቀሪዎቹ 20 ልጆች ከፍተውት ሊሆን ይችላል ማለት ነው! መቆለፊያ የሚገዛልን ደቂቃዎችን ነው። በእኔ ሙያ አንድ መከላከያ ላይ ብቻ የሚተማመን ሰው ይሳቅበታል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው መያዝ አለበት።

ወደ ቤታችን እንግባ። የአሜሪካ ወጥ ቤት መደርደሪያ ከወለሉ 91 ሳንቲሜትር ገደማ ይቆማል። የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ በአማካይ 81 ሳንቲሜትር ያህል ነው። «አይደርስም» እንላለን፤ እጁን ረሳነው። እጁን ሲዘረጋ ጫፉ ላይ ያለውን ሁሉ ያገኛል። የሚያገኘውን አያየውም እንጂ ያገኘዋል። ደግሞ የሚስበው በዳበሳ ነው፦ የብሌንደር ገመድ፣ የድስት እጀታ፣ የጠረጴዛ ልብስ ጫፍ። ስለዚህ በቤታችን የመጀመሪያው ሕግ አንድ ክንድ የሚሉት ነው፤ ከመደርደሪያው ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ምንም ነገር አይቀመጥም፤ የትኛውም ገመድ ወደ ፊት አይንጠለጠልም። የድስት እጀታ ፊቱ ወደ ግድግዳ ነው፤ ማብሰሉም ከኋለኞቹ ሁለት እሳቶች ይጀመራል።

የስቶቩ ማዞሪያዎች ፊት ለፊት ከሆኑ ገንዘብ ሳታወጡ የሚሠራ መላ አለ። አብዛኞቹ ወደ ራሳችን ስንስባቸው ይወልቃሉ። ሲበስል ይገባሉ፤ ሲያልቅ ወልቀው ከፍ ያለ ጽዋ ውስጥ ይቀመጣሉ። ስቶቫችሁ በጣት የሚነካ መስታወት ከሆነ ማግባት ያለባችሁ የልጅ መቆለፊያው ነው፤ ብዙ ጊዜ የቁልፍ ምልክት ያለበትን ቦታ ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ነው። ኢንዳክሽን ያላችሁ «እሱ አያቃጥልም» አትበሉ፤ ድስቱ መስታወቱን ያሞቀዋል፣ ድስቱ ከተነሳም በኋላ ሙቀቱ እዚያው ይቆያል። በሲሊንደር ጋዝ የምታበስሉ ደግሞ የሲሊንደሩን ማዞሪያ ራሱን መዝጋት ልማድ አድርጉት።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ራሱን ችሎ የሚቆም ስቶቭ ይገለበጣል። ልጅ የኦቭኑን በር ከፍቶ ደረጃ አገኘሁ ብሎ ሲወጣበት ስቶቩ በሙሉ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ላዩ ላይ ያለው ድስትም አብሮ ይመጣል። ለዚህ ሲባል አሜሪካ ውስጥ ከ1991 ጀምሮ እንዲህ ያለ ስቶቭ ሲሸጥ ከኋላ ከወለሉ ወይም ከግድግዳው ጋር የሚያስረው ትንሽ ብረት አብሮት ይመጣል። መምጣቱ ግን መገጠሙ አይደለም። ስቶቩ ሲቀዘቅዝ፣ ላዩ ባዶ ሆኖ፣ የኋላውን ጠርዝ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት ለማዘንበል ሞክሩ። ትንሽ ተነስቶ ከያዘ ታስሯል። ዝም ብሎ ከተከተላችሁ አልታሰረም።

የእኛ ዝም ብሎ ተከተለኝ። የአፓርታማውን አስተዳደር ስጠይቅ «እስከዛሬ ማንም ጠይቆን አያውቅም» የሚል መልስ መጣ። እንዴ! ማንም ስላልጠየቀ የስበት ሕግ ይቀየራል? የስቶቩን መመሪያ ገጽ ፎቶ አንስቼ፣ በቤቱ ውስጥ ሕፃን እንዳለ ጠቅሼ፣ ቀን ጽፌበት በኢሜይል ላክሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። እስከዚያው ልጁ ነቅቶ ሳለ ኦቭኑን አልከፈትንም። የጥገና ሠራተኛው መጥቶ ሥራውን በሃያ ደቂቃ ጨረሰው፤ ብረቷ ከአንድ ምሳ ዋጋ አትበልጥም። ሦስተኛ ፎቅ ያሉ አገር ልጆች ሲያዩት የእነሱም ያልታሰረ ሆኖ ተገኘ። ተከራይ ለሆናችሁ ሁሉ የምለው፦ በቃል አትጠይቁ፤ በጽሑፍ ጠይቁ። ጽሑፍ የተላከለት አስተዳዳሪ ነገ «አላወቅሁም» ማለት አይችልም።

ሌላው ሌላው በአጭሩ። የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ሳሙና ጉሮሮ የሚያቃጥል ነው፤ ማሽኑ ውስጥ የሚጨመረው ሊዘጋ ሲል ነው፣ ቢላዎቹም ጫፋቸው ወደ ታች ይሰካሉ። የቧንቧ ሙቅ ውሃችሁን ማሞቂያ 49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አድርጉት፤ 60 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ በአምስት ሰከንድ ያህል የአዋቂን ቆዳ እንኳ ክፉኛ ያቃጥላል፣ የሕፃን ቆዳ ደግሞ ከዚያ የሳሳ ነው። የወጥ ቤት ሚዛንና ሰዓት ቆጣሪ ውስጥ ያለችው እንደ ሳንቲም የጠፈጠፈች ባትሪ ብትዋጥ የምግብ መውረጃን በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትበሳ ትችላለች፤ አሜሪካ በ2022 ለእሷ ብቻ የተለየ ሕግ ያወጣችው በከንቱ አይደለም። የባትሪው ቤት በብሎን የማይታሰር ሚዛን እኛ ቤት የለም። ልጅ ባትሪ ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ «በሰገራው ይወጣል» ብሎ መጠበቅ የለም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ሕክምና።

እንግዲህ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ ወዳልሁት። እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ እንግሊዝኛ መመሪያ ላይ አለ። እነዚያ መመሪያዎች ሲጻፉ ግን አደጋው ከፍ ብሎ መደርደሪያ ላይ፣ ልጁ ዝቅ ብሎ ወለል ላይ ነው በሚል ሐሳብ ነው። በሐበሻ ቤት እሳቱ ራሱ ወለል ላይ ይወርዳል።

ምጣዱን እንይ። አሜሪካ ያለን ብዙዎቻችን የምንጋግርበት ያ ክብ የአሉሚኒየም ምጣድ መጀመሪያ የተሠራው የኖርዌይ ዘሮች ሌፍሴ የሚሉትን የድንች ቂጣ እንዲጋግሩበት ነው። መመሪያው ሌፍሴን ያውቃል። እኛ ቅዳሜ ጠዋት ሠላሳ እንጀራ እንደምንጋግር፣ በአክንባሎ እንደምንከድነው፣ ክዳኑ ሲነሳ እንፋሎቱ ወደ ጎን እንደሚወጣ፣ ሊጡ ደግሞ እግራችን ሥር በባልዲ እንደሚቀመጥ አያውቅም። አንዳንድ የኤሌክትሪክ ዘይት መጥበሻዎች ገመዳቸው በማግኔት የሚያያዝ ነው፤ ልጅ ቢስበው ገመዱ ይለያል እንጂ ዘይቱ አይመጣም። የምጣዳችን ገመድ ያን አያደርግም፤ ሲሳብ ምጣዱን ይዞት ይመጣል። ስለዚህ የሚጋገረው ሶኬቱ ከምጣዱ ጀርባ ባለበት መደርደሪያ ላይ ነው፤ ታጣፊ ጠረጴዛ ላይ አይሆንም። መብራቱ ጠፍቶም ምጣዱ እሳት ነው፤ በተለይ የሸክላው ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። የወጥ ቤታችን አጥር የሚከፈተው እንጀራው ሲያልቅ ሳይሆን ምጣዱ ሲበርድ ነው።

ያን የሊጥ ባልዲም አትለፉት። ባለ 5 ጋሎን ባልዲዎች ላይ በጭንቅላቱ የተደፋ ሕፃን ሥዕል የሚታተመው ለጌጥ አይደለም። የዚህ ዕድሜ ልጅ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንፃር ከባድ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ከገባ ራሱን ማውጣት ያቅተዋል። ቡሆው ክዳኑ የሚጠረቅም ዕቃ ውስጥ ይቦካ።

ቡናው ደግሞ የባሰ ነው። ረከቦቱ ልጁ ደረት ላይ ይደርሳል። ጀበናው ቂጡ ክብ ነው፤ ከማቶቱ ከወረደ ይንከባለላል። ምድጃው ወለል ላይ፣ ማጨሻው ወለል ላይ፣ አመዱ ሥር ፍሙ አለ። (ከሰሉን ራሱን በተዘጋ አፓርታማ ውስጥ አታንድዱ፤ ጭሱ ባይታይም ባይሸትም ይገድላል።) የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት አንድ ትኩስ መጠጥ ከተቀዳ ከ15 ደቂቃ በኋላም ሕፃን ሊያቃጥል ይችላል ብሎ ይመክራል። እኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን ሁለት ሰዓት ስንቀመጥ ስንት አሥራ አምስት ደቂቃ እንደሚያልፍ ቁጠሩት።

እናቴ ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ መጥታ አምስት ወር አብራን ነበረች። የመደርደሪያውን ማግኔት መቆለፊያ፣ አጥሩን፣ የወለቁትን ማዞሪያዎች እያየች ሳምንት ሙሉ ዝም አለች። ከዚያ አንድ እሑድ ቡና ልታፈላ ተነሳችና፦

«እናንተን አምስታችሁን በምን አሳደግኳችሁ? በማግኔት ነው?»

«እማዬ፣ ያኔ እቤት ውስጥ ስንት ሰው ነበር?»

ቆጠረች። አባቴ፣ አክስቴ፣ ሠራተኛዋ፣ ትልቋ እህቴ፣ ሳያንኳኩ የሚገቡት ጎረቤቶች። ማድ ቤቱም ከዋናው ቤት ተለይቶ ጓሮ ነበር፤ ወደ እሱ የሚሄድ ልጅ በግቢው ሲያልፍ አንዱ ያየዋል። እዚህ በግድግዳ ፈንታ ሳሎንና ወጥ ቤት አንድ ሆነዋል፤ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዳችን ብዙ ጊዜ ስብሰባ ላይ ነን። ይህን ስነግራት ግራ ክንዴን ሳብ አድርጋ አየችው። ምጣድ የነካው ጠባሳ አለበት፤ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፣ እኔ አላስታውሰውም።

«ያ ሁሉ ሰው እያለም ይኸው» አለች፤ ለራሷ።

ከዚያ በኋላ መፍትሔውን ያገኘነው አብረን ነው። ለእሳት ማሞቂያ የሚሸጥ፣ የሚተጣጠፍ የብረት አጥር ገዛንና ልጁን ትተን ቡናውን አጠርነው። እናቴ ረከቦቷን፣ ምድጃዋን፣ በርጩማዋን ይዛ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ሲኒዎቹ ከላይ ይተላለፋሉ። የመጀመሪያ ቀን «አሁንስ የአንበሳ ግቢ አንበሳ አደረግኸኝ» ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። ልጁ አጥሩን ይዞ ያያታል፣ ጭሱን በእጁ ይይዛል፣ ቡና አፈላሉን በዓይኑ ይማራል። (ፈንዲሻና ቆሎ ግን አይሰጠውም፤ ከአራት ዓመት በታች ያለን ልጅ ያንቃሉ።)

በሰው ቤት ነው ችግሩ። በልደት፣ በማኅበር፣ በበዓል ቀን ሃያ ሰው ሳሎን ሞልቶ ጀበናው መሃል ላይ ተቀምጦ ልጆች ሲሮጡ ሁሉም ያያል ስንል ማንም አያይም። «እባክሽ ጀበናውን ከፍ አድርጊልኝ» ማለት ደግሞ አስተናጋጇን የመንቀፍ ያህል ይቆጠራል። ይህን ይሉኝታ አልቀበለውም። እኛ አሁን ስንጠራ ቀድመን ደውለን ቡናው የት እንደሚፈላ እንጠይቃለን። ደርሰን ደግሞ ባለቤቴና እኔ በሃያ ሃያ ደቂቃ ተራ እንይዛለን፤ ተረኛው ስልክ አይነካም፣ ወግ አይገባም፣ ትኩስ ሲኒም አይዝም። አንዳንዱ ይስቅብናል። ይሳቅ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢያቃጥልስ? ቶሎ ከቧንቧ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ። በረዶ አይደለም። በሰዓት ተቆጥሮ 20 ደቂቃ፤ ልጅ እያለቀሰ በጣም ረጅም ነው፣ ግን ቁስሉ ጥልቅ እንዳይሆን ይረዳል። ከቆዳው ጋር ያልተጣበቀ ልብስ ወዲያው ይወልቅ። ሽሮና ገንፎ ከውሃ የሚብሱት ቆዳ ላይ ስለሚጣበቁ ነው፤ በውሃው ይታጠቡ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይቀባም፤ አያት ቢያዙም አይቀባም። ከዚያ በንጹሕ የምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ላላ አድርጎ ሸፍኖ ወደ ሐኪም። ፊት፣ እጅ ወይም ብልት አካባቢ ከሆነ ወይም ቦታው ሰፊ ከሆነ አምቡላንስ ይጠራ፦ አሜሪካ 911፣ እንግሊዝ 999፣ አውሮፓ ኅብረት 112። አሜሪካ ያላችሁ ልጅ ሳሙና ወይም መድኃኒት ቀምሷል ብላችሁ ስትጠረጥሩ 1-800-222-1222 ሌት ተቀን በነፃ ይሠራል። ልጁ ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን በቀጥታ 911።

በሚቀጥለው ገና አዲስ አበባ እንሄዳለን፤ ልጁ ያኔ ሁለት ዓመት ያልፈዋል፣ ቁመቱም መደርደሪያ ይደርሳል። እናቴ ቤት የቡታጋዝ ሲሊንደር አለ፣ የከሰል ምድጃ አለ፣ ወለል ላይ የሚቀመጥ የሸክላ ምጣድ አለ። ሻንጣ ውስጥ ማግኔቶቹን፣ የሶኬት መድፈኛዎቹንና ተጣጣፊውን አጥር እይዛለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ አጥሩ ከሚዛን አልፏል። ባለፈው ሳምንት ስንደዋወል ይህን ለእናቴ ነገርኳት።

«አጥሩን ተወው» አለችኝ። «አናጢ ጠርቻለሁ። ለማድ ቤቱ በር ከወገብ በታች የሚዘጋ የእንጨት መዝጊያ ይሠራልኛል። ስፋቱ አራት ስንዝር ከአራት ጣት ነው።»

በማን ስንዝር ብዬ ጠየቅኋት።

«በእኔ» አለች፤ «መቀርቀሪያው በየት በኩል ይሁን?»